በአንጀታችን ውስጥ ስላሉት መከላከያ ሴሎች
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ አንጀት ነው። ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ ይታየኛል። ነገር ግን «አንጀቴን በላው»፣ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» እያልን ኀዘንና ደስታችንን ሁሉ በእርሱ የምንገልጽ ሰዎች፣ ሥራውን ብዙም አናውቀውም።

የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ውፍረቱ የአንዲት ሴል ብቻ ነው። እርሷም ብትሆን በጥቂት ቀናት ውስጥ ረግፋ በሌላ ትተካለች። ከዚህ ስስ መጋረጃ ማዶ ያለው ባክቴሪያ ግን በትሪሊዮን የሚቆጠር ነው። ስለዚህ እዚህ ብዙ መከላከያ ሴሎች ሰፍረዋል።

ዓይነታቸው ብዙ ነው። በሽፋኑ ሴሎች መካከል ተሰግስገው የሚኖሩ ቲ ሴሎች አሉ፤ በቀጭኑ አንጀት ለ10 የሽፋን ሴል አንድ ያህል ይደርሳሉ። በጀርም የተያዘውን ሴል ይገድላሉ። ከሽፋኑ ሥር ማክሮፋጅ አለ፤ ሾልኮ የገባውን ጀርም ይውጣል። የሚገርመው ዝም ብሎ መዋጡ ነው። በየጉርሻው እየተቆጣ እብጠት ቢያስነሳ ኖሮ ጤና ባልኖረን! ዴንድሪቲክ የሚባለው ደግሞ የጀርሙን ናሙና ይዞ ወደ ንፍፊት ሄዶ ለሌሎቹ ያሳያል። በወስፋትና በመሰል ትሎች ላይ የሚነሱት ማስት ሴልና ኢኦዚኖፊል ናቸው፤ በእነርሱ አላቆያችሁም።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ፕላዝማ ሴል ነው። ይህ ሴል ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። በአንድ አዋቂ ሰው አንጀት በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይመረታል። ወደ አንጀት ወጥቶ ጀርሙን ይከበዋል፤ ከሽፋኑ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርገዋል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ግን ይህን ገና አያመርትም። ታዲያ ማን ይጠብቀው? እናቱ ናታ! በእርሷ አንጀት የሠለጠኑት ሴሎች በደም ተጉዘው ጡቷ ውስጥ ይሰፍራሉ። ስለዚህ ወተቷ እርሷ በኖረችበት ቤትና ሰፈር ያለውን ጀርም የሚያውቅ ነው። ከሁሉ የበለጠ ይህ ያለበት ደግሞ ያ ወፍራሙ፣ ቢጫ የሚመስለው እንገር ነው። እኛ ግን «ቆሻሻ ነው» ብለን አልበን የምንደፋበት፣ በምትኩ ቅቤ የምናልስበት ቤት ዛሬም አለ። አሮጊቶቻችን አይቀየሙኝና፣ ይህ ጠባቂውን ከደጅ አባርሮ በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጥባ፤ እስከ 6 ወር ውኃም አያስፈልገው።

ተቅማጥ ለሚያመጣው ሮታ ቫይረስ የሚሰጠው ክትባት በመርፌ ሳይሆን በአፍ የሚንጠባጠበውም እነዚሁኑ የአንጀት ሴሎች በቦታቸው ለማሠልጠን ነው። በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ይሰጣል። ሁለተኛውን የሚያስቀሩ ወላጆች አሉ፤ ካርዳችሁን አውጥታችሁ እዩት።