ሥራን ከፍጻሜ ስለ ማድረስ፦ አንድ በእጅ የተሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር የሚሰጠው ትምህርት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ከመሥሪያ ቤት ሥራ ውጭ በእጅ ስለ ተሠራ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቁኝ ጥያቄውን በደስታ ተቀብያለሁ። እንደሚታወቀው መሐንዲስ አብዛኛውን ዘመኑን የሚያሳልፈው ሌላ ሰው የሚሠራውን በመንደፍና ሌላ ሰው የሠራውን በመመርመር ነው። አንድን ነገር ከእንጨቱ ጀምሮ እስከ ድምፁ በገዛ እጁ ያደረሰ እንደ ሆነ ግን ስለ ሙያው ከወረቀት የማያገኘውን ነገር ይማራል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ይኸውም ተጀምሮ ብዙ ዓመት ስለ ቆየና በመጨረሻ ስላለቀ ጊታር።

ዋና ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። የተጀመረ ሥራ ሳያልቅ የሚቆየው ዕቃ ወይም ገንዘብ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም። ዕቃውም ገንዘቡም ተገኝቶ የሚቆይ ሥራ አለ። እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጐድለው «አለቀ» የሚባልበት ወሰን በቍጥር ተጽፎ አለመገኘቱ ነው። ጊታሩ ይህን ነገር ከማንኛውም ትልቅ ሥራ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል፤ ትንሽ ነውና ሁሉንም ክፍሉን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማየት ይቻላል።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። የክራርና የበገና ድምፅ የሚጐላው በቆዳ በተሸፈነው ገበቴያቸው ነው፤ ክሩ ቆዳውን ያንቀጠቅጣል፣ ቆዳው አየሩን ያንቀሳቅሳል። ተራው ጊታርም ከቆዳ ይልቅ ስስ እንጨት ይኑረው እንጂ በዚሁ ሕግ ይሠራል። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባረጋገጠው ሕግ መሠረት፣ በጥቅልል ሽቦ ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት መስክ ሲለዋወጥ በሽቦው ላይ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። የብረት ክር በማግኔትና በጥቅልል ሽቦ ላይ ሲንቀጠቀጥ መስኩን ያናውጠዋል፤ ከዚህ የሚገኘው ደካማ ግፊት ወደ ማጉያ ተልኮ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ የጊታሩ አካል ባዶ ሣጥን መሆን የለበትም፤ ድፍን ጣውላ ቢሆንም ይሠራል።

በዚህ ሐሳብ ተሠርቶ ለገበያ የበቃው የታወቀው ቀዳሚ ጊታር ጆርጅ ቦሻምፕ የነደፈውና በሪከንባከር ስም የታወቀው የአሉሚኒየም ጊታር ነው። ናሙናው እ.ኤ.አ. በ1931 ተሠርቶ በ1932 ለሽያጭ ቀረበ። ሊዮ ፌንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 ድፍን አካል ያለው ጊታሩን ለገበያ ሲያወጣ አንገቱን በኮላ ማጣበቁን ትቶ በብሎን አሠረው። ፌንደር ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ራሱም ጊታር መጫወት አያውቅም ነበር። የተበላሸውን ፈትቶ መለወጥ እንዲቻል አድርጎ ማሰቡ ግን የጠጋኝ ዐይን የሚያየውን ያመለክታል።

በቤት ውስጥ ከተሠሩት ጊታሮች ሁሉ በዓለም የታወቀው የእንግሊዛዊው የብራያን ሜይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1963 የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ ከሃሮልድ ሜይ ጋር ጀመረው። አባቱ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበር። ጥሩ ጊታር ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው ያለውን መረመሩ። አንገቱን ከአንድ አሮጌ የእሳት ምድጃ የማሆጋኒ እንጨት ጠረቡት፤ ነቀዝ የበላውንም ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። በአንገቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተገኙ የዛጎል ቁልፎች ናቸው። ክሮቹን የሚያላላውና የሚያጠብቀው መሣሪያ በስለት ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሁለት የሞተር ብስክሌት የቫልቭ ሞላዎች ይሳባል። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ስለ ማግኔቱ የሚነገረው ነው። አባትና ልጅ በመጀመሪያ ማግኔትና ጥቅልሉን ራሳቸው ሠርተው ነበር። ድምፁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ክሩ በጣት ወደ ጎን ሲሳብ ከአንዱ የማግኔት ዋልታ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ የማይፈለግ ድምፅ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በርንስ የተባለው ድርጅት የሚሠራቸውን ሦስት ፒክአፖች ገዝተው ገጠሙ። ሁሉን በእጅ መሥራት የሚል ክብር አልያዛቸውም፤ የሚፈልጉትን ድምፅ አስቀድመው ስላወቁ የትኛው እንደሚሠራና የትኛው እንደሚገዛ ለመወሰን ቻሉ። ያ ጊታር ከተሠራ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ከቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር አሰምቷል። ባለቤቱም እ.ኤ.አ. በ1970 ጀምሮ ለሙዚቃ ሲል ያቋረጠውን የሥነ ፈለክ ዶክትሬት በ2007 ፈጽሟል። የቆየ ሥራ ሁሉ የሞተ ሥራ አለመሆኑን ይህ ይመሰክራል።

አሁን ወደ አገራችንና ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። በ2004 ዓ.ም. የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ እኔና ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ለተማሪዎች የሙዚቃ ቡድን የሚሆን ጊታር ለመሥራት ተነሣን። ለአካሉ ከአንድ አሮጌ አልጋ የተፈታ የዋንዛ ጣውላ፣ ለአንገቱ ጥቁር እንጨት፣ ጣት ለሚያርፍበት ገጽ ወይራ መረጥን። በአራት ወር ውስጥ አካሉ ተቈረጠ፣ አንገቱም ተጠርቦ ተጣበቀ። ከዚያ በኋላ የመቃኛ ቁልፎቹና የፍሬት ሽቦው በገበያ አልተገኙም። እኛም ተመርቀን በየሥራው ቦታ ተበተንን። እንጨቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀመጠ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው፣ ቁልፎቹም ሽቦውም በስድስተኛው ዓመት ተገኝተው እንደ ነበር ነው። ሥራው ግን ከዚያም በኋላ ቆመ። የቀረው ሁሉ ወደ ኋላ የማይመለስ ሥራ ነበርና። የተጠረበ አንገት እንደገና ሊላግ ይችላል፤ የተሳሳተ የፍሬት መስመር ግን አንዴ በመጋዝ ከተቈረጠ ወይራውን ከነድካሙ ያስጥላል። ሥራ መጨረሻው አጠገብ ሲደርስ የሚከብደው ስለዚህ ነው፤ ጥቂት ሥራና ብዙ ቍርጥ ውሳኔ የሚቀረው በዚያ ነው።

ነገሩን የፈታው አንድ ሽማግሌ አናጢ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወይራውን ገጽ እንዲያስተካክሉልኝ አንገቱን ይዤላቸው ሄድኩ። ወደ ብርሃን አዙረው በአንድ ዐይናቸው ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ አለቀ የምትለው ምን ሲሆን ነው?» አሉኝ። «ጥሩ ድምፅ ሲሰጥ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። «ጥሩማ መጨረሻ የለውም። ልኩን ንገረኝና እዚያ ላይ አቆምልሃለሁ» አሉ።

በዚያው ሳምንት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስድስት ነገሮች ተጻፉ። አንደኛ፣ ማንኛውም ፍሬት ከተሰላው ቦታ ከሩብ ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ። ሁለተኛ፣ በ12ኛው ፍሬት ላይ የወፍራሙ ክር ከፍታ ከ2 ሚሊ ሜትር፣ የቀጭኑ ከ1.5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ሦስተኛ፣ በየትኛውም ፍሬት ላይ ክሩ አይንዘር። አራተኛ፣ ክሩ በ12ኛው ፍሬት ሲያዝ የሚሰጠው ድምፅ ከትክክለኛው እጥፍ ከግማሽ ድምፅ አንድ ሃያኛ በላይ አይለይ። አምስተኛ፣ አንድ ሰዓት ከተጫወቱበት በኋላ ቅኝቱ በዚሁ ወሰን ውስጥ ይገኝ። ስድስተኛ፣ እጅ ከክሩ ሲነሣ የመብራቱ ኡምታ በሦስት ሜትር ርቀት ተራ ንግግርን አይጋርድ። የቀለሙ ማንጸባረቅ፣ ጌጡ፣ ሁለተኛው ፒክአፕ በወረቀቱ ላይ አልገቡም። ያልተጻፈው ነገር ከተጻፈው ባላነሰ ሥራውን አፈጠነ።

ሦስተኛውን ነጥብ በሚመለከት አንድ ቃል ልጨምር። በበገና ላይ በክሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያ የምንወደው የበገና ንዝረት የሚመጣው ከእርሱ ነው። በጊታር ላይ ይኸው ንዝረት ጉድለት ነው። ስለዚህ «ጥሩ» የሚለው ቃል ብቻውን ልኬት አይሆንም፤ ለምን አገልግሎት እንደ ሆነ ሲታወቅ ነው ቍጥር የሚወጣለት።

የፍሬቶቹ ስሌት እንዲህ ነው። ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብርኩማው ያለው የክር ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ፍሬት የቀረውን ርዝመት ለ17.817 በማካፈል ይገኛል፤ የመጀመሪያው በ36.4፣ 12ኛው በትክክል በ324 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። በ12ኛው ፍሬት የአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ከግማሽ ድምፅ አንድ ሃያኛ ያህል ያዛንፋል፤ በ22ኛው ግን አንድ ዐሥረኛ ያህል ይሆናል። ልኬቱ ሁሉ የተወሰደው ከአንድ መነሻ ነጥብ በአንድ የብረት ማስመሪያ ነው፤ ከፍሬት ወደ ፍሬት ቢለካ ኖሮ ጥቃቅኑ ስሕተት እየተደመረ በሄደ ነበር። በቅየሳ ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ይህን ሕግ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ስድስቱ የብረት ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድነት 45 ኪሎ ግራም ያህል ይስባሉ፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ክብደት ማለት ነው። አንገቱ ይህን እንዲችል በውስጡ የሚጠብቅ የብረት ዘንግ ገብቶበታል። እዚህ ላይ ግን መቆየቱ ጠቅሟል፤ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሚጣመመው እንጨት ተጣሞ ስላለቀ፣ አንዴ ከተላገ በኋላ አልተንቀሳቀሰም። ጥቅልሉ 0.063 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 8,000 ዙር የተጠቀለለ ሲሆን፣ ሽቦው በስፌት መኪና ሞተር ተጠቀለለ፤ ዙሩም ከአሮጌ ቴፕ ሪኮርደር በተፈታ ቈጣሪ ተቈጠረ። ከስድስቱ ነጥቦች መካከል በመጀመሪያው ፈተና ያላለፈው የ50 ኸርትዙ የመብራት ኡምታ ብቻ ነበር፤ የሽቦዎቹ ጎድጓዳ በመዳብ ቅጠል ተሸፍኖ ከመሬት መስመር ጋር ሲያያዝ ወደ ወሰኑ ገባ። ዐሥራ አንድ ዓመት የቆየው ሥራ በዘጠኝ ቅዳሜ አለቀ።

ይሁን እንጂ የመዘግየቱን ዋጋ ሳልናገር ባልፍ ትምህርቱ ጐደሎ ይሆናል። ጊታሩ ስድስቱንም ፈተና አልፏል፤ የተሠራለት የተማሪዎች ቡድን ግን ከተበተነ ዓመታት አልፈዋል። ከጀማሪዎቹ አንዱ ዛሬ በውጭ አገር ስለሚኖር ድምፁን የሰማው በስልክ ነው። ሌላው ለሦስት ልጆቹ አባት ሆኖ፣ ጣቶቹ የጥንቱን ያህል እንደማይታዘዙለት እየሳቀ ነገረኝ። ጊታሩን ዛሬ የሚጫወቱበት የሰፈር ወጣቶች ሲጀመር ገና ሕፃናት ነበሩ። መሣሪያው በመቆየቱ አልተበላሸም፤ የሚጠብቁት ሰዎች ግን እንደ ዋንዛ በጨርቅ ተጠቅልለው አይቀመጡም።

እኛ በሙያችን ከምንሠራው ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ኪሣራ ነው። ፓምፑ ብቻ የቀረው የውሃ ጕድጓድ፣ መወጣጫው ብቻ የቀረው ድልድይ፣ ጣሪያው ብቻ የቀረው ትምህርት ቤት በሪፖርታችን ላይ «ዘጠና ከመቶ» ተብሎ ይጻፋል። ውሃ ለምትቀዳው እናት ግን ያ ጕድጓድ ዜሮ ከመቶ ነው። ልጅዋም ትምህርት ቤቱ እስኪከደን ድረስ በሰባት ዓመት ዕድሜው አይቆይም።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። ሥራ ሲጀመር የፍጻሜው ወሰን በቍጥር ይጻፍ፤ ያልተጻፈውም ለሌላ ጊዜ የተተወ መሆኑ ይታወቅ። ወደ ኋላ የማይመለሱት ውሳኔዎች ከሚመለሱት ተለይተው ቀን ይቈረጥላቸው፤ በመጨረሻ ተከማችተው አይገኙ። ሦስተኛውም፣ ንድፋችንን በእጁ የሚፈጽመውን ባለሙያ ቀድመን እንጠይቅ። ልኩን ንገረኝ ብሎ የሚጠይቅ አናጢ፣ ግንበኛ ወይም በያጅ ሥራችንን የሚያዘገይ ሰው አይደለም፤ እኛ ሳንጽፈው የቀረነውን መስመር እያሳየን ነውና መልሱን ሳንሰጠው ከፊቱ አንሂድ።