ስለ እኩል አካሄድ፤ ፍጥነትን ስለ ማስላትና በመስመር ስለ መሣል

ዛሬ የምናገረው ፍጥነቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ስለሚሄድ ነገር ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን እኔ ይህን ባለማወቄ ሰው በድያለሁና ኋላ እነግራችኋለሁ።

አስቀድሞ ትርጓሜው ይታወቅ። የኢጣልያው ሊቅ ጋሊሌዮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1638 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ እኩል አካሄድ ማለት በማናቸውም እኩል ጊዜ ውስጥ እኩል ርቀት መሄድ መሆኑን አስረዳ። «በማናቸውም» የምትለውን ቃል በቀድሞው ትርጓሜ ላይ የጨመራት እርሱ ነው። ምክንያትም አለው፤ አንድ ሰው በየሰዓቱ 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ ነገር ግን የሰዓቱን እኩሌታ ሮጦ እኩሌታውን ቢቀመጥ፥ የየሰዓቱ ቁጥር እኩል ሆኖ ሳለ አካሄዱ እኩል አይደለምና። ባሕረ ሐሳብ ለተማራችሁ ሽማግሎች ይህ አይከብዳችሁም፤ በ19ኙ ዓመት ዙር ውስጥ አበቅቴ በየዓመቱ 11 ይጨመርበታል፥ ከ30 ሲያልፍም 30ው ይገደፋል፤ በእኩል ጊዜ እኩል መጨመር ይህን ይመስላል።

አሁን ወደ ሜዳ እንውጣ። ገመድ በሜትር ለክታችሁ በየ10 ሜትሩ ችካል ትከሉ። ሰዓት ባይኖራችሁ ትንሽ ድንጋይ በ1 ሜትር ክር አንጠልጥላችሁ በጥቂቱ አወዛውዙት፤ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር አንድ ጊዜ ሲሄድ 1 ሴኮንድ ያህል ነው። አንድ ተማሪ ሳይቸኩል ይራመድ፥ ሁለተኛው ውዝዋዜውን ይቍጠር፥ ሦስተኛው ይጻፍ። 10 ሜትሩን በ8 ሴኮንድ፥ 20ውን በ16፥ 30ውን በ24፥ 40ውን በ32 ቢደርስ፥ ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ሁልጊዜ 1.25 ይወጣል፤ እንግዲህ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.25 ሜትር ነው። በአንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ አለና ብታባዙት 4,500 ሜትር፥ ይኸውም በሰዓት 4.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ከዚህ በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ የተጋደመ አንድም የቆመ መስመር አስምሩ። በተጋደመው ላይ ጊዜውን፥ በቆመው ላይ ርቀቱን በእኩል ምልክት ጻፉ። ጊዜውና ርቀቱ በሚገናኙበት ሁሉ ነጥብ አድርጋችሁ ነጥቦቹን ብታያይዙ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፤ ይህንም ግራፍ ይሉታል። ባንድ መንደር ይህን ስሥል አንድ ሽማግሌ «ልጁ የሄደው በሜዳ አይደለምን? መስመሩ ስለ ምን ዳገት ይወጣል?» ብለው ጠየቁኝ። የብልህ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎችም ይህንኑ በልባቸው ይዘው ዝም ይላሉ። መስመሩ የሚያሳየው ጊዜው ሲገፋ ርቀቱ እንዴት እንደ ተጨመረ ነውና የመንገዱ ሥዕል ተደርጎ አይታይ። ስለዚህ የፈጣኑ መስመር ይበልጥ የቆመ ነው፥ የዘገምተኛው የተንጋለለ ነው፤ ቁሞ ያረፈ ሰው ጊዜው ብቻ ያልፍበታልና መስመሩ ይጋደማል፤ ወደ ተነሣበት የሚመለሰውም፥ ዳገት እየወጣ ቢሆን እንኳ፥ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል።

አሁን በደሌን ልናገር። በወጣትነቴ ባንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ አንድ ተላላኪ 12 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ወርዶ በዚያው ዳገት ይመለስ ነበር። ሲወርድ በሰዓት 6፥ ሲወጣ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ዐውቅ ነበርና፥ ሁለቱን ደምሬ ለሁለት ከፍዬ 4.5 ብዬ ጻፍሁ። በዚህ ስሌት 24ቱን ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መጨረስ ነበረበት፤ እርሱ ግን ዘወትር በ6 ሰዓት ይመጣ ነበርና ዘገየ ተብሎ ከደመወዙ ተቆረጠበት። ሰውዬው 2 ሰዓት ወርዶ 4 ሰዓት ወጥቷል፤ 24 ለ6 ሲካፈል 4 ነው። በዝግታ የሄደበት ጊዜ በፍጥነት የሄደበትን እጥፍ ሆኖ ሳለ ሁለቱን ፍጥነቶች እንደ እኩል ቈጠርኋቸው። የተራመደውን ርቀት ሁሉ በመስመር ሥዬው ቢሆን ኖሮ መስመሩ በ2ኛው ሰዓት ላይ ሲሰበር ባየሁ ነበር። ስሕተቴን ያወቅሁት እርሱ ሥራውን ትቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ይህ ሥዕል ከሁሉ ይልቅ ለባቡር ሥራ ይጠቅማል። ማሬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ከፓሪስ እስከ ሊዮን የሚመላለሱትን ባቡሮች ባንድ ገጽ ላይ በመስመር አሳይቷል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ ባቡር መንገድ 784 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነጠላ ሐዲድ ነበር፤ በነጠላ ሐዲድ ደግሞ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ሁለተኛ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። እንግዲህ 120 ኪሎ ሜትር ከሚራራቁ ሁለት ጣቢያዎች፥ ከጧቱ በ2 ሰዓት፥ ከአንዱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የሰው ባቡር፥ ከሌላው በሰዓት 20 የሚሄድ የዕቃ ባቡር ይነሡ እንበል። አንዱ መስመር ሲወጣ ሌላው ሲወርድ በ4 ሰዓት፥ የሰው ባቡር ከተነሣበት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ይቋረጣሉ። ያ ስፍራ መተላለፊያ ከሌለው ባቡሮቹ ይጋጫሉ። መተላለፊያው 60ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን የሰው ባቡር በ3 ሰዓት ተኩል፥ የዕቃው በ5 ሰዓት ይደርሳሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው፥ መስመሩ ተጋድሞ፥ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠብቃል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ባቡሮቹ ሳይነሡ በወረቀቱ ላይ ያየዋል።

ይህንኑ ለተማሪዎቻችሁ ሣሉላቸው፤ ከዚያም መተላለፊያውን ወደ 100ኛው ኪሎ ሜትር አዛውራችሁ የትኛው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ ጠይቋቸው። ያን ጊዜ የሚጠብቀው የዕቃው ባቡር ነው።