ራዕያችንን ማን ይሸከመዋል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ስለ መሪነት እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ትልቅ ራዕይ ለመናገር ነበር። በየስልጠናው “ትልቅ አልሙ” ተብለናል፤ እኔም ለሌሎች ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ዛሬ ግን ስለ ሌላው ጎኑ ልናገር። ከአቅም በላይ የሆነ ምኞት መሪን ይጎዳል። ከመሪዋ በፊት ደግሞ ቤተሰቧን ይጎዳል።

ሁላችንም ከምናውቀው ታሪክ ልጀምር። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ያለፈች ሁሉ መድፉን አይታለች። የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። ዋናው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ምኞታቸው ትልቅ ነበር። በመሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ ማድረግ ፈለጉ። ወታደሩ ገበሬውን መዝረፍ ትቶ በደመወዝ እንዲኖር፣ አገሪቱም መሣሪያዋን ራሷ እንድትሠራ ፈለጉ። ከእነዚህ ምኞቶች መጥፎ የሚባል አንድም የለም። ችግሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በእሳቸው ዕድሜና በእሳቸው እጅ እንዲፈጸም መፈለጋቸው ነበር። ለሠራዊቱ የሚሆን ገቢ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ላይ ለማግኘት ሲሞክሩ ካህናቱ ተቃወሟቸው። አንዱን አገር አረጋግተው ሳይጨርሱ ሌላው ይሸፍታል። በተቆጡ ቁጥር ቅጣቱ ይከብዳል፤ ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ሸፍቶ የሚወጣው ይበዛል። ለእንግሊዟ ንግሥት የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው፣ ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው መድፍ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከወራት ጉዞ በኋላ መቅደላ ደረሰ። መድፉ ግን አላዳናቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ራሳቸውን አጠፉ።

ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። እኛ ሴቶች ግን ቤታቸውንም እንመልከት።

የመጀመሪያዋ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች የራስ ዓሊ ልጅ ነበሩ። በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ባላቸው አባታቸውን ሲወጉ ተዋበች ከባላቸው ጋር ቆሙ። ቁጣቸውን የሚያበርዱ፣ ምክራቸው የሚሰማ ሴት እንደነበሩ ይነገራል። በ1850 ዓ.ም. ሲሞቱ ለንጉሡ “ተው” የሚል ሰው ጠፋ። ሁለተኛዋ ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ ንጉሡ ድል ነሥተው ያሰሯቸው የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። አባቷን ያሰረባትን ሰው ማግባት ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። መቅደላ ስትወድቅ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናትየው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ሞቱ፤ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ሕፃኑ ብቻውን እንግሊዝ አገር ተወሰደ። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ መቃብሩ ዛሬም እዚያው ዊንድዘር ነው። አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ቢጠየቅም እስካሁን አልተመለሰም።

የእንግሊዝን በደል ለማቃለል አይደለም ይህን የምናገረው። ንጉሡንም አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን እቴጌ ጥሩወርቅና ያ ሕፃን ስለ መድፉም ሆነ ስለ እስረኞቹ የተጠየቁት ነገር አልነበረም። ዕዳውን ግን እነሱም ከፈሉ።

እኔ ንጉሥ አይደለሁም። የጎተትኩት መድፍ ግን ነበረኝ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ሰባት ቡድኖች ነበሩን። በየቡድኑ ሃያ የምንሞላ ሴቶች በሳምንት አሥር አሥር ብር እንቆጥባለን። ሊጎበኙን የመጡ እንግዶች ቡና ላይ ተቀምጠን “በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ቡድን ታደርሳላችሁ?” ብለው ጠየቁኝ። “አርባ” አልኩ። ማንንም አላማከርኩም፤ አስቤም አልነበረም። እንግዶቹ ደስ አላቸው፣ ቁጥሩም ወረቀት ላይ ሰፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባ የሚባለው ቁጥር ጌታዬ ሆነ።

አዲስ ቡድን በእግሩ እንዲቆም አስተባባሪዋ ለወራት በየሳምንቱ እየሄደች መዝገብ አያያዙን፣ ብድር አሰጣጡን፣ ጠብ ሲነሣ እንዴት እንደሚፈታ ማሳየት አለባት። እኛ የነበሩን አስተባባሪዎች ሦስት ናቸው። ስለዚህ ስልጠናውን አሳጠርኩት። ገንዘብ ያዣችን “እህቴ፣ መዝገቡ እየተምታታ ነው፣ ትንሽ እንቁም” ስትለኝ ምቀኛ መሰለችኝ፤ በስብሰባ መሀል ጮኽኩባት። ጥላን ሄደች። ሃያ ስድስት ቡድን ደረስን። ዓመት ሳይሞላ አሥራ አንዱ ፈረሱ። በአንደኛው ቡድን የተበደሩት ሳይመልሱ ቀሩ፤ ለልጆቻቸው ደብተርና ዩኒፎርም ብለው የቆጠቡ እናቶች ባዶ እጃቸውን መስከረም ገባባቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሰው ነበር።

ቤቴስ? ትልቋ ልጄ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ አባቷ የሌሊት ጥበቃ ስለሆነ ቀን ይተኛል። ታናሽ ወንድሟን ከትምህርት ቤት የምታመጣው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ራት የምትሠራው እሷ ሆነች። ሚኒስትሪ ወደቀች። ትምህርት ቤት ሄጄ “እንዴት ሳትነግሩኝ?” ብዬ ስቆጣ መምህሯ ሦስት ወረቀት አወጡ። “ወላጅ ይምጣ” የሚሉ ጥሪዎች ናቸው። ሦስቱም ላይ የእኔ ፊርማ አለ። እኔ አልፈረምኩም። ልጄን ስጠይቃት “አንቺ ስላልነበርሽ እኔ ፈረምኩልሽ” አለችኝ። በዚያው ወር ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ሁለት ቦታ ንግግር አድርጌ ነበር።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ “ይህማ ባሎቻችን ከቤት እንዳንወጣ የሚሉን ነው” ትሉ ይሆናል። አይደለም። ሴት ከቤቷ ትውጣ፣ ትምራ፣ ትልቅም ትመኝ። እኔም ቤት አልገባሁም፤ ይኸው እዚህ ቆሜያለሁ። የምለው ሌላ ነው። ምኞቱ ትልቅ ሲሆን ጊዜውም ይርዘም፣ ተሸካሚውም ይብዛ። መሪዋ ብቻዋን የምትሸከመው ራዕይ ወድቆ የሚያርፈው በልጆቿና በባልንጀሮቿ ላይ ነው።

ከዚህ ውድቀት የተማርኩት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ስጠየቅ ወዲያው ቁጥር አልሰጥም። “ከአባላቱ ጋር ተመካክረን እንነግራችኋለን” እላለሁ። ይህን በማለቴ እስካሁን የሸሸኝ ደጋፊ የለም።

ሁለተኛ፣ ከምኞቱ በፊት ሰዉን እቆጥራለሁ። ማን ትሠራዋለች? በየትኛው ቀን? ያን ቀን የእሷን ቤት ማን ይይዝላታል? ለእነዚህ መልስ ካጣን እቅዱ ለዘንድሮ አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ “አይሆንም” የምትለኝን ሴት አጠገቤ አስቀምጣለሁ። ያቺን ገንዘብ ያዥ ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ጠየቅኋት። ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ ይህንንም ንግግር ከእናንተ በፊት ሰምታ ሁለት ቦታ አርማኛለች። በቤቴም እሁድ ማታ ባለቤቴና ልጆቼ የሳምንቱን ፕሮግራሜን ያዩታል። የምጠይቃቸው ፈቃድ አይደለም፤ ምክር ነው። ልጄ ፈተናውን ደግማ አልፋ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። ፊርማዬን ራሴ እፈርማለሁ።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ስትጎበኙን ስንት አዲስ ቡድን እንዳቋቋምን ብቻ አትጠይቁን። ስንቱ እንደፈረሰና ለምን እንደፈረሰም ጠይቁን። መልሱን ስንነግራችሁ ካልተቆጣችሁን እውነቱን መናገር ይቀለናል።

ለጉባኤው የማቀርበውም ሐሳብ ይህ ነው። ዘንድሮ አዲስ ቡድን አንጨምር፤ የቆሙትን አሥራ አምስቱን እናጠንክር። የፈረሱት ቡድኖች አባላት ያጡትን ቁጠባ ከማኅበሩ ገቢ ቀስ በቀስ የምንመልስበትን መንገድ የሚያጠና ኮሚቴ ይመረጥ። የሰብሳቢነት ጊዜም በሁለት ዓመት ይወሰን። የእኔ ስላለፈ ዛሬ ምርጫ ይደረግ።

የቁጠባ ሳጥናችን ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱን ቁልፎች ሦስት ሴቶች የሚይዙት አንዷ ብቻዋን እንዳትከፍተው ብለን ነው። ለገንዘባችን ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለእቅዳችንም እንዲሁ እንጠንቀቅ።