በፈቃዱ ወደ እሳት ስለሚሄድ ጎረቤት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ምእመናን የተደረገ ንግግር



በገጠር የአንድ ሰው ጎጆ በእሳት ሲያያዝ አስቀድሞ የሚሰማው እሪታ ነው። እሪታውን የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ፥ እንስራውን አንሥቶ፥ እርሱም ባይኖር እርጥብ ቅጠል ቆርጦ ይሮጣል። ቤቱ የማን እንደ ሆነ ቆሞ የሚጠይቅ የለም፤ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ የከረመውም ሰው ከሯጮቹ አንዱ ነው። ነገር ግን የሣር ክዳን አንድ ጊዜ ከተያያዘ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚድነው የሚነደው ቤት ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ነው። የዛሬው ነገር ይህን እሪታ ሰምቶ መሮጥን ደንብና መሣሪያ አበጅተውለት ስለ ኖሩ ሰዎች፥ ይልቁንም በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ዌስት በምትባል ትንሽ ከተማ ስለ ነበሩት ነው። የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የዚህ ሥራ ታሪክ ሲነገር የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም ይነሣል። እርሱ በፊላደልፊያ ከተማ ጋዜጣ እያሳተመ ይኖር በነበረበት ጊዜ፥ በ1736 ዓ.ም. ከወዳጆቹ ጋር የእሳት አጥፊዎች ማኅበር አቋቋመ። እያንዳንዱ ማኅበርተኛ የቆዳ ባልዲዎችን፥ ደግሞም ከሚነደው ቤት የሚወጣውን ዕቃ የሚሸከምበት ከረጢትና ቅርጫት አዘጋጅቶ በቤቱ ያኖር ነበር። በወር አንድ ጊዜ ተሰብስበው አብረው ራት እየበሉ ስለ እሳት የሚያውቁትን ይነጋገሩ ነበር። ከስብሰባ የቀረ መቀጫ ይከፍላል፤ በመቀጫውም ገንዘብ የውሃ መግፊያ፥ መሰላልና ሜንጦ ይገዛ ነበር። የዕድርን ደንብ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። ልዩነቱ ዕድር ከሞት በኋላ የሚደርስ ሲሆን፥ ይህኛው ከሞት በፊት ለመድረስ የታሰበ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ታላላቆቹ ከተሞች ደመወዝ የሚከፈላቸው እሳት አጥፊዎችን ቀጠሩ። ገጠሩ ግን በቀድሞው ሥርዓት ጸና፤ ጥቂት ሰዎች ተራርቀው በሚኖሩበት አገር ሌሊትና ቀን ተቀምጦ እሳትን ለሚጠብቅ ሰው ደመወዝ የሚበቃ ግብር አይሰበሰብምና። በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተቆጠሩት 1 ሚሊዮን ከ40 ሺህ ያህል እሳት አጥፊዎች 677 ሺህ ያህሉ ይህን ሥራ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. ግን የእነዚሁ ፈቃደኞች ቍጥር 898 ሺህ ያህል ነበረ። ወጣቱ ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ይሄዳል፤ የቀረውም ከተወለደበት ቀበሌ ርቆ ውሎ ማታ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቀን የሚነሣ እሳት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሽማግሌዎችን ነው።

የገጠር እሳት አጥፊ ኑሮው እንዲህ ነው። አንዱ ገበሬ፥ አንዱ መካኒክ፥ አንዱ መምህር፥ አንዱም ባለ ሱቅ ነው። በወገቡ የታጠቀው መጥሪያ ሲጮኽ ወይም በጣቢያው ጣራ ላይ ያለው የአደጋ ደወል ሲሰማ ሥራውን አቋርጦ በራሱ መኪና ይነጕዳል። በከተማ በየመንገዱ ዳር የውሃ መቅጃ አለ፤ በገጠር ግን ውሃው ራሱ ከእሳት አጥፊው ጋር መሄድ አለበት። ስለዚህ በርሜል የመሰለ ታላቅ መኪና ውሃ ጭኖ ይመጣል፤ በሚነደው ቤት አጠገብ የሸራ ገንዳ ይዘረጋሉ፤ ውሃውን በገንዳው ገልብጦ ዳግመኛ ሊቀዳ ወደ ኩሬው ወይም ወደ ወንዙ ይመለሳል። ይህ መመላለስ ለጥቂት ደቂቃ ቢቋረጥ እሳት አጥፊው ባዶ ጎማ ይዞ ይቀራል። የአንዱ መንደር መኪና ብቻውን ስለማይበቃም ጎረቤት መንደሮች አስቀድመው ቃል ይገባባሉ፤ አንዱ ሲጠራ ሌላው ይመጣል።

ገንዘቡስ ከየት ይገኛል ቢባል፥ ከፊሉ ከግብር፥ ከፊሉም ከሕዝቡ እጅ ነው። በበዓል ቀን ማኅበርተኞቹና ሚስቶቻቸው ምግብ አብስለው ይሸጣሉ፤ ዶሮ ይጠብሳሉ፤ ዕጣ ያወጣሉ። የውሃ ጎማ በጥብስ ዶሮ ዋጋ መገዛቱ ለሩቅ ሰው የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገር ግን ዶሮውን የበላ ሰው ሁሉ ጎማው የእርሱ እንደ ሆነ ያውቃል።

ዌስት ከዋኮ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ በ2013 ዓ.ም. 2800 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች። አባቶቻቸው ከቦሄምያና ከሞራቪያ የፈለሱ የቼክ ወገኖች ይበዙባታል። በከተማዋ ዳር ለገበሬዎች ዘርና ማዳበሪያ የሚሸጥ መጋዘን ነበረ። መጋዘኑ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ ዙሪያው ሜዳ ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከተማይቱ ወደ እርሱ እየቀረበች መጣች፤ ትምህርት ቤት፥ የአረጋውያን መጦሪያና የኪራይ ቤቶች በአቅራቢያው ተሠሩ። ይህን ያደረገ አንድ ክፉ ሰው የለም። በየጊዜው አንድ ቦታ ተፈቀደ፥ አንድ ቤት ተሠራ፤ ገበሬውም ማዳበሪያውን ከቅርብ ማግኘቱ ደስ አሰኘው።

ሚያዝያ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ ሚያዝያ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.) ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ከመጋዘኑ እሳት መነሣቱ ተነገረ። ማኅበርተኞቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። የከተማው ከንቲባ ራሱ ከፈቃደኞቹ አንዱ ነበረና እርሱም ወደዚያ ይሄድ ነበር። በዚያች ማታ በዌስት የሕክምና እርዳታ ትምህርት ይሰጥ ስለ ነበር፥ ከጎረቤት መንደሮች መጥተው የሚማሩ እሳት አጥፊዎች ደብተራቸውን ዘግተው ተከተሉ። በዳላስ ከተማ በደመወዝ የሚያገለግል፥ በዌስት የሚኖር አንድ የእሳት አጥፊዎች አለቃም ተረኛ ሳይሆን ሄደ። ማኅበርተኛ ያልነበሩ ሁለት ሰዎችም ሊረዱ ገቡ። የውሃ መቅጃው ሩቅ ስለ ነበረ ጎማ እየዘረጉ ሳሉ፥ ሌሎቹ በአቅራቢያው ያሉትን ቤቶች ያስለቅቁ ጀመር።

በመጋዘኑ ውስጥ ሁለት አደገኛ ነገሮች ነበሩ። አንደኛው በታላላቅ ጋን የሚቀመጥ አሞንያ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ነው፤ ይህን ሰዎቹ ያውቁት ነበር፥ ይፈሩትም ነበር። ሁለተኛው አሞንየም ናይትሬት የሚባለው ማዳበሪያ ነው፤ እርሱም በእንጨት ቤት፥ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ተከምሮ ነበር። ይህ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር በራሱ እንደ እንጨት አይነድም፤ ሌላው ነገር ሲነድ ግን ከውስጡ ኦክሲጅን እየሰጠ እሳቱን ያጸናዋል፤ እጅግ ሲግል፥ በጥላሸትና በቀለጠ ነገር ሲበከል፥ ሲታፈንም በድንገት ይፈነዳል። (የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያውቀው ዩሪያ ከዚህ ልዩ ነው፤ እንዲህ ያለ ኦክሲጅን ሰጪ አይደለምና አድማጭ በጎተራው ያለውን ከረጢት እንዳይፈራ።)

እሳቱ ከተነገረ 20 ደቂቃ ያህል ሲሆን 30 ቶን ያህሉ ፈነዳ። ምድር መንቀጥቀጥን የሚለካው መሣሪያ 2.1 ብሎ መዘገበው። በቦታው 28 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ ተከፈተ። ከ150 በላይ ሕንፃዎች ተጎዱ፤ ከ260 በላይ ሰዎች ቈሰሉ፤ 15 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም 12ቱ ወደ እሳቱ የሄዱት ነበሩ፤ የከተማው ጸሐፊ አንዱ ነበረ። ጊዜው ማታ በመሆኑ በትምህርት ቤቱ ልጆች አልነበሩም፤ ቀን ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ያስጨንቃል። በማግሥቱ ማታ ሕዝቡ በዕርገተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ጸለየ። በታላቅ ከተማ አንድ እሳት አጥፊ ሲሞት ሐዘኑ በወዳጅ ዘመዱና በባልደረቦቹ ይወሰናል፤ በዌስት ግን በሞቱት ምክንያት ሱቁ፥ እርሻው፥ የከተማው ጽሕፈት ቤትም ሁሉ ሐዘንተኛ ሆነ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝን አንድ ነገር አለ። በዚያው በቴክሳስ፥ በባሕሩ ዳር ቴክሳስ ሲቲ በምትባል ከተማ፥ ሚያዝያ 16 ቀን 1947 ዓ.ም. ግራንድካምፕ የሚባል የፈረንሳይ መርከብ ከ2 ሺህ ቶን በላይ ይህንኑ አሞንየም ናይትሬት ጭኖ ሳለ እሳት ተነሣበት። ሸቀጡ በውሃ እንዳይበላሽ ተብሎ ክፍሉ ተዘግቶ በእንፋሎት ሊታፈን ተሞከረ። ከውስጡ ኦክሲጅን የሚሰጠውን ነገር ማፈን አይቻልምና እንፋሎቱ ሙቀትን ብቻ ጨመረለት። የከተማይቱም በፈቃድ የሚያገለግሉ እሳት አጥፊዎች መጥተው ውሃ ይረጩ ጀመር። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሲሆን መርከቡ ፈነዳ። ማኅበሩ 28 ሰዎች ነበሩት፤ በዚያች ደቂቃ 27ቱ አለቁ። በጠቅላላው የሞተው ሰው 580 ያህል ነበረ፤ የመርከቡም መልሕቅ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ተገኘ።

በሁለቱ መካከል 66 ዓመት አለፈ። አንድ ግዛት፥ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ፥ አንድ ዓይነት ሰዎች። የዌስት ሰዎች ወደ እሳቱ ሲቀርቡ ድፍረት አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው በቴክሳስ ሲቲ በ27 ሰው ሕይወት የተገዛው ዕውቀት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ሕግ አደገኛ ነገር የሚያከማች ሁሉ የነገሩን ዓይነትና መጠን ለአካባቢው እሳት አጥፊዎች እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ነገር ግን ወረቀት መላክና ሰውን ማስተማር ሁለት ነገሮች ናቸው። የመንግሥት መርማሪዎች በ2016 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ እሳት አጥፊዎቹ ይህ ማዳበሪያ ሊፈነዳ እንደሚችል የሚያሳውቅ በቂ ትምህርት እንዳላገኙ ገለጹ። በዚያን ጊዜ ቴክሳስ ለግዛቱ ሁሉ የሚሠራ የእሳት ጥንቃቄ ሕግ አልነበራትም። መጋዘኑም ለሚያደርሰው ጉዳት ዋስትና የገባው ለ1 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበረ፤ ጥፋቱ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሕዝቡ ዶሮ እየጠበሰ ጎማ ሲገዛ፥ ጎማው የሚዘረጋበትን ቦታ የሚመረምር አልተገኘም ማለት ነው።

ሊባኖስ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን ነገር በዓይናቸው አይተዋል። ነሐሴ 4 ቀን 2020 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.) በቤይሩት ወደብ እሳት ተነሣ ተብለው ከከተማይቱ እሳት አጥፊዎች 10 ሰዎች ተላኩ፤ በመጋዘኑ 2750 ቶን አሞንየም ናይትሬት መኖሩን ግን የነገራቸው አልነበረም። አሥሩም አልተመለሱም። በከተማይቱ በቤት ሠራተኝነት ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት የዚያን ቀን መስኮቶች እንዴት እንደ ረገፉ ያውቃሉ።

ከዌስት በኋላ በእሳት አጥፊዎች ትምህርት የታወቀው ነገር አጭር ነው። እሳቱ ገና ትንሽ ሆኖ ወደ ማዳበሪያው ካልደረሰ ከሩቅ ብዙ ውሃ ይፈስስበታል፤ ከደረሰ ግን ቤቱን ትቶ፥ ሕዝቡን ይዞ መራቅ ነው። ጎረቤቱን ሊያድን የመጣን ሰው ተመለስ ማለት ከትእዛዝ ሁሉ የሚከብድ ትእዛዝ ነው፤ ስለዚህ በእሳቱ ፊት ሳይሆን አስቀድሞ በጸጥታ ቀን ሊታወቅ ይገባል። ማኅበርተኞቹ በብርሃን ወደ መጋዘኑ ገብተው ምን እንደ ተከመረ፥ የት እንደ ተከመረ፥ በሩ ወዴት እንደ ሆነ፥ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ አይተው ይጽፋሉ፤ ጽሑፉንም በመኪናው ውስጥ ያኖራሉ። ባለ መጋዘኑ ደጁን ሲከፍትላቸው እንደ ሰላይ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ሊቀበላቸው ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. የቴክሳስ ምክር ቤት ስለዚህ ማዳበሪያ አቀማመጥና ስለ መርማሪዎች መግባት ሕግ አወጣ፤ 12ቱ ከሞቱ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የዌስት ማኅበር ግን አልፈረሰም። ከዚያ በኋላም በዚያች ከተማ መጥሪያው ሲጮኽ ሥራቸውን ጥለው የሚነሡ ሰዎች አልታጡም።