ከፊርማ በፊት አንድ ጥያቄ፦ የተማሪዎች ጉዳይ እንደ ሙያና እንደ ድኅረ ምረቃ የጥናት መስክ

ርዕሴ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ሰው የሚሠራበት፣ ጥቂት ሰው ግን የሚያጠናው ጉዳይ ነው፤ እርሱም ከመማሪያ ክፍል ውጭ ያለው የተማሪ ሕይወት ነው። የመኝታ ክፍሉ፣ የምግብ አዳራሹ፣ የምክር አገልግሎቱ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴውና የሬጅስትራሩ መስኮት በአንድነት የተማሪዎች ጉዳይ ይባላሉ። ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ እንደ ሆነ፣ ሙያ ከሆነም ዕውቀትና ሥልጠና እንደሚሻ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ ይዛ መጣች። ወደ ስብሰባ እየወጣሁ ስለ ነበር ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። በምክንያት መስመር ላይ «የቤተሰብ ችግር» ይላል። በትውልድ ቦታ መስመር ላይ «ወላይታ፣ ገሱባ» ይላል። ገሱባ የእኔም የትውልድ ከተማ ናት። ቅጹን ፈርሜ መለስኩላት፤ በአማርኛም ሆነ በወላይትኛ አንዲት ቃል አልጠየቅኋትም።

በቀጣዩ ዓመት ለጊፋታ በዓል ወደ ገሱባ ስሄድ አባቷን በገበያ መካከል አገኘኋቸው። በአክብሮት ሰላምታ ሰጥተውኝ ነገሩን አጫወቱኝ። ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት የምግብ ካርዷ ጠፍቶባት ነበር። ምትክ ለማውጣት ወዴት እንደሚኬድ አላወቀችም፤ ለመጠየቅም አፍራለች። ከጓደኞቿ ትሪ እየተካፈለች አንድ ወር ያህል ቆየች። የመኝታ ሕንጻው ፕሮክተር ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ለማን እንደሚያመለክት የነገረው ሰው አልነበረም። አባቷ አልወቀሱኝም። «እርስዎ እዚያ መኖርዎን ብናውቅ ኖሮ» አሉኝ። የነበረው «የቤተሰብ ችግር» ሳይሆን የእኛ ችግር ነበር፤ የእኔም ፊርማ አረፈበት።

ይህን የማነሣው ራሴን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ሥራውን የተማረ ሰው ግን አልነበረም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር መቶ አይሞላም ነበር። በዚያ መጠን መምህሩ ተማሪውን በስሙ ሊያውቀው፣ ከምግብ ገበታ ቢጎድልም ሊያስተውለው ይችል ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በአብዛኛው ተማሪው የሚመደበው በማእከል በመሆኑ፣ የገሱባ ልጅ ቋንቋውንና ምግቡን ወደማታውቀው ከተማ ልትሄድ ትችላለች። ቁጥሩና ርቀቱ ሲያድግ በግል ትውውቅ ይሠራ የነበረው ነገር በሥርዓት መሠራት ነበረበት። ለመምህራን የማስተማር ሥነ ዘዴ ሥልጠና የሚሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። እኔ ባገለገልኩባቸው ቦታዎች ግን ለፕሮክተሩ፣ ለምግብ ካርድ ሠራተኛውና ለተማሪዎች ዲን የሚሆን ተመጣጣኝ ሥልጠና አላየሁም።

በሌላው ዓለም መስኩ ዕድሜ አለው። የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ታዋቂ ሰነድ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማሪውን አእምሮ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰውነቱን የመመልከት ኃላፊነት እንዳለበት አስቀምጧል። ቪንሰንት ቲንቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በችሎታ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከተቋሙ የትምህርትና የማኅበራዊ ሕይወት ጋር ባለመጣመሩ ጭምር መሆኑን አብራርቷል። ዊልያም ቲየርኒ እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ሐሳብ ተችቷል። ከአናሳ ባህል የመጣ ተማሪ ለመጣመር ሲል የራሱን ማኅበረሰብ መተው ለምን ይገባዋል? መለወጥ ያለበትስ ተማሪው ብቻ ነው ወይስ ተቋሙም ጭምር?

ይህ ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከገሱባ የሚወጣ ተማሪ ብቻውን አይወጣም። የጉዞውን ገንዘብ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶለታል፤ ሲመለስ የሚጠብቀውም መንደር ነው። ስለዚህ ያፈረው በራሱ ብቻ አይደለም፤ የላኩትን እንዳያሳፍር ፈርቶ ዝም ይላል። ዝምታው ቅጹ ላይ ሲደርስ «የቤተሰብ ችግር» ይሆናል። ይህን የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ከውጭ ብቻ አንጠብቅ፤ ከእናንተ የመመረቂያ ጽሑፎች ሊወጣ ይገባል።

ስለዚህ ርዕስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ትምህርት የሚያቋርጡት እነማን ናቸው? በየትኛው ሳምንትስ ነው? መልሱ በከፊል በሬጅስትራር መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ በቅጹ ላይ በተጻፈው ምክንያትና በእውነተኛው ምክንያት መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው? ይህ ቃለ መጠይቅን፣ አንዳንዴም በተማሪው የእናት ቋንቋ የሚደረግን ጭውውት ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ ፕሮክተሮች የሚያዩትን ለማን ያስተላልፋሉ? በትምህርት አመራር፣ በሥነ ልቦናና በምክር አገልግሎት፣ በማኅበራዊ ሥራ ወይም በሕግ የምትማሩ ሁሉ ወደዚህ መስክ የሚያስገባ በር አላችሁ።

ስለ ሥራው ዕድል ግን ሳልሸፍን ልናገር። እኔ እንዳየሁት የተማሪዎች ዲንነት ብዙ ጊዜ ለመምህር የሚሰጥ ጊዜያዊ ሹመት ነው። ሰውየው ሥራውን በለመደ ማግስት ወደ ማስተማሩ ይመለሳል፤ ያካበተው ልምድም አብሮት ይሄዳል። ሥራው ሌሊት ያስነሣል፤ ምስጋናው ጥቂት ነው፤ ለማዕረግ ዕድገትም እንደ ምርምር ጽሑፍ አይቆጠርም። ይህ እንዲለወጥ በሙያው የሠለጠነ ሰው መኖር አለበት፤ ሰው እንዲሠለጥን ደግሞ የሥራ መደቡ የዕድገት መሰላል ሊኖረው ይገባል። ሁለቱን በአንድነት መጀመር የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ድርሻ ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ትገኛለች። ወደ ዩኒቨርሲቲ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ የማቋረጫ ቅጽ ሲቀርብልኝ ተማሪውን አስቀምጬ «ዛሬ ምሳ በላህ? በላሽ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይህ ንድፈ ሐሳብም ሥርዓትም አይደለም፤ አንድ አርፍዶ የተማረ መምህር ያወጣው ልማድ ነው። እናንተ ግን ሳይረፍድ ተማሩት፤ ከአንድ ሰው ልማድም ወደ ተቋም አሠራር አሳድጉት።