ነዋሪው በሰፈሩ እንዲቆይ፦ የፍትሐዊ ልማት ሦስት መርሆዎች

(ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ለተካሄደ የማኅበረሰብ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል ብዙዎቻችን ቀድሞ የኖርነው በአሌክሳንድሪያ ወይም በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለምን ለቀቃችሁ ብንባል የአብዛኞቻችን መልስ አጭር ነው፤ የቤት ኪራይ። ስለ ፍትሐዊና ዘላቂ ልማት ስንመክር መነሻችን ይህ ጥያቄ ሊሆን ይገባል፤ ሰፈሩ ሲለማ፣ ሰፈሩን ሰፈር ያደረገው ሰው በዚያ መኖር ይችላልን?

ሁለት የቅርብ ምሳሌዎችን እናነጻጽር። በአሌክሳንድሪያ የሚገኘው ሳውዘርን ታወርስ የብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መኖሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ ሕጉ ለተከራዮቹ በሽያጩ ላይ አንዳች ሥልጣን አልሰጣቸውም። በአርሊንግተን የባርክሮፍት አፓርታማዎች በ2021 መጨረሻ ሲሸጡ ግን ካውንቲው 150 ሚሊዮን፣ አማዞን ደግሞ 160 ሚሊዮን ዶላር ለገዢው አበደሩ፤ በምላሹም 1,334ቱ ቤቶች አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው በሚችለው ኪራይ ለ99 ዓመታት እንዲቆዩ በውል ተወሰነ።

ስለዚህ ልንቆምላቸው የሚገቡ መርሆዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ የሕዝብ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የኪራዩ መጠንና የሚጸናበት ዘመን በውል ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ነዋሪው ከውሳኔው በፊት ይሰማ። ሰነዱ በአማርኛ ሳይተረጎም፣ ስብሰባውም ሠራተኛው በሥራ ላይ ባለበት ሰዓት እየተጠራ፣ «ሕዝቡን አወያይተናል» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ሕንፃ ሲሸጥ ተከራዮች ተደራጅተው የመግዛት ዕድል ይሰጣቸው። ይህ በዋሽንግተን ዲሲ ከ1980 ጀምሮ ሕግ ሆኖ ይሠራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 ባወጣው ሕግ፣ አዳዲስ ሕንፃዎችን ሳይጨምር፣ የኪራይ ጭማሪ በዓመት ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በቨርጂኒያ ግን ካውንቲዎች የግዛቱ ምክር ቤት ያልሰጣቸውን ሥልጣን መጠቀም አይችሉም። ስለዚህ ጥያቄያችን በካውንቲው ቦርድ ብቻ ሳይወሰን እስከ ሪችመንድ ሊደርስ ይገባል።

በሰሜን ውድብሪጅ፣ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ፣ ሰፊ የግንባታ ዕቅድ ከ2019 ጀምሮ ጸድቋል። ልማቱን አንቃወምም፤ እንፈልገዋለን። ነገር ግን የመሬት ዋጋ ከናረ በኋላ መደራደር አዳጋች ነውና፣ አባቶቻችን እንዳሉት ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከአሌክሳንድሪያ ወደዚህ መጣን፤ ከዚህም ደግሞ ወደ ስታፎርድና ወደ ፍሬድሪክስበርግ እየተገፋን መኖር የለብንም።