ብቻውን የሚሄድ መንገደኛና በመንገድ የሚያፈራቸው ወዳጆች

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ



የመረጥነው አርእስት ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ብቻውን ወደ ባዕድ አገር ስለሚሄድ ወጣት ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁላችንም ከዚህ ግቢ ወጥተን በየፊናችን የምንበተን ስለ ሆነ ነው። አንዳንዶቻችን ወደ ሌላ ከተማ፥ አንዳንዶቻችንም ምናልባት ወደ ውጭ አገር እንሄዳለን፤ አብረን ግን አንሄድም። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወላጆቻችን «ብቻችሁን አትሂዱ» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ተብሏልና። ነገር ግን ብቻውን የወጣ ሁሉ ብቻውን ይቀራል ማለት አይደለም። እንዲያውም አምስት ሆነው የሚሄዱ ጓደኛሞች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱና በቋንቋቸው ሲሳሳቁ ሰንብተው፥ ካገሩ ሰው የአንዱን ስም እንኳ ሳያውቁ ሊመለሱ ይችላሉ። ብቻውን የሄደው ግን መንገድ መጠየቅ፥ ውሃ መለመን፥ ስሙንም መናገር ግድ ይሆንበታል። የመንገድ ወዳጅነት የሚጀምረው ከዚህ ችግር ነው።

ዛሬ በብዙ አገሮች ለእንዲህ ያለ መንገደኛ በጥቂት ገንዘብ የሚያድርበት የወጣቶች ማደሪያ ቤት አለ። ይህን ያስጀመረው ባለጸጋ ወይም ሚኒስትር አልነበረም፤ ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ አስተማሪ ነበር። ይህ ሰው ተማሪዎቹን ከከተማ እያወጣ በእግር አገር የማሳየት ልማድ ነበረው። በነሐሴ ወር 1909 ከልጆቹ ጋራ ሲጓዝ ብርቱ ዝናብና ነጐድጓድ ስለ ያዛቸው በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ተጠልለው አደሩ። ልጆቹ በገለባ ላይ ተኝተው ሳሉ አስተማሪው ግን እንቅልፍ አጥቶ ያስብ ነበር። ትምህርት ቤቶች ሁሉ በዕረፍት ወራት ባዶአቸውን ይውላሉ፤ ታዲያ ስለ ምን ለሚጓዙ ልጆች ማደሪያ አይሆኑም? በዚህ አሳብ ተነሥቶ በመጀመሪያ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በአልቴና ከተማ በሚገኘው ጥንታዊ ግንብ ውስጥ ቋሚ ማደሪያ ተቋቋመ።

ቀጥሎ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ሺርማን ወታደር ሆነ። በ1915 የገና በዓል፥ በቮዥ ተራሮች ላይ፥ የጀርመንና የፈረንሳይ ወታደሮች ተኩስ አቁመው ዳቦና የወይን ጠጅ ሲለዋወጡ አየ። ከዚያ ወዲያ የየአገሩ ወጣቶች ተገናኝተው የሚተዋወቁበት ቦታ ቢኖራቸው ምንኛ መልካም ነበር እያለ ያስብ ጀመር። በ1932 የብዙ አገሮች ማኅበሮች በአምስተርዳም ተሰብስበው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ማደሪያ ማኅበርን አቋቋሙ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ የጀርመንን ማደሪያዎች ከእጁ ቢወስዱበትም፥ ሁለተኛው ጦርነት ካለቀ በኋላ ሥራውን እንደ ገና ለማቋቋም ደክሟል። አንድ አስተማሪ በዝናብ ሌሊት ያሰበው አሳብ እስከ ዛሬ ሲሠራ ማየት ለመምህሮቻችን ደስ የሚያሰኝ ይመስለናል።

በእንዲህ ያለው ቤት ብዙ አልጋ በአንድ ክፍል ይደረደራል፤ ወጥ ቤቱም የጋራ ነው። አንዱ ሩዝ ይዞ ጨው ያጣል፤ ሌላው ጨው ይዞ ድስት ያጣል። በዚህ ምክንያት ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ከአንድ ገበታ ይቀመጣሉ።

ሁለተኛ ምሳሌ እንድናይ ወደ እስፓንያ እንሻገር። ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ተነሥቶ፥ የፒሬኔን ተራሮች አቋርጦ፥ እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል የሚያደርስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ተሳላሚዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሲሄዱበት ኖረዋል። መንገደኛ እንዳይጠፋው በየመታጠፊያው ቢጫ ቀስት ተቀብቷል፤ ይህን ምልክት በ1980ዎቹ መቀባት የጀመሩት ኤልያስ ቫሊኛ የሚባሉ የመንደር ቄስ ናቸው። ብዙዎች መንገዱን ብቻቸውን ይጀምሩታል። ነገር ግን ሰው በእግሩ በቀን የሚችለው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ጠዋት ቀድሞት የሄደውን ሰው መንገደኛው ማታ በማደሪያው ያገኘዋል፤ በነጋታውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ስሙን ይጠይቀዋል፤ በአምስተኛው ቀን የቈሰለ እግሩን በፋሻ ያስርለታል። ሐኪሙም አናጢውም አንድ ዓይነት አቧራ ለብሰዋልና ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም።

ከዚህ የምንረዳው ወዳጅነት ሦስት ነገሮችን እንደሚፈልግ ነው። እነሱም ደጋግሞ መገናኘት፥ አንድ ዓይነት ችግርን መካፈልና ቀድሞ እጅን መዘርጋት ናቸው። ስለዚህ ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሰላምታን፥ ምስጋናንና ይቅርታን በአገሩ ቋንቋ ይማር። ካለው ስንቅ ቀድሞ ያካፍል። ባደረበት ቤት የበላበትን ሳሕን ይጠብ። ይሁን እንጂ ፈገግ ያለ ሁሉ ወዳጅ አይደለምና ጥንቃቄን አይተው። ፓስፖርቱንና ገንዘቡን ለማንም አደራ አይስጥ፤ የሚያድርበትንም ቦታ ለቤተ ሰቡ ያስታውቅ። ይልቁንም እኅቶቻችን ይህን ምክር አጥብቀው እንዲይዙት እንለምናለን።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከወላጆቹ ርቆ ሲሄድ ጓደኛ የሚያገኘው ከጎጆውና ከመምህሩ እግር ሥር ነበር። ባሕር ተሻግረው ከሄዱትም መካከል የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ይገኛሉ። በ1649 እሳቸው በሮም፥ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው የኢትዮጵያውያን ቤት ሳሉ፥ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጣ። ይህ ወጣት ግእዝን ከመጽሐፍ የተማረ እንጂ ሲነገር የሰማ አልነበረም። ተዋወቁ፤ ወዳጆችም ሆኑ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን ተጠርተው ወደ ጀርመን ተጓዙና ከሉዶልፍ ጋራ ብዙ ወራት ሠሩ። ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲሉ ግን በ1658 መርከባቸው ተሰብራ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ከወዳጁ የተማረውን አላጠፋም፤ በ1661 የግእዝ መዝገበ ቃላት፥ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፥ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ፤ የአባ ጎርጎርዮስንም ውለታ በመጽሐፉ መሰከረ። አውሮፓ አማርኛን በሰዋስው መጽሐፍ መማር የቻለችው በሁለት እንግዳ ሰዎች ወዳጅነት ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ መንገደኛው ምንም ደፋር ቢሆን በር የሚከፍትለት ካላገኘ ወዳጅ አያገኝም። ስለዚህ ባሕር ሳንሻገር ብቻውን የመጣ መንገደኛ አጠገባችን እንዳለ አንርሳ። ከሩቅ ገጠር መጥቶ፥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ከቤቱ በሚላክለት ስንቅ የሚማር ወንድም በየክፍላችን አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዕረፍት ሰዓት ከግድግዳው ጥግ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ለእሱ ይህች ከተማ ባዕድ አገር ናት። አንዳንዱ በትምህርት ደክሞ ሳይሆን የሚያናግረው ሰው አጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እንግዲህ ከእኛ በኋላ የምትቀሩ ታናናሾቻችን፤ አዲስ ተማሪ በመጣ ቀን ስሙን ጠይቁት፤ ከመቀመጫችሁም ጠጋ በሉለት። ወላጆቻችን ሆይ፤ የመሄጃችን ጊዜ ሲደርስ መርቃችሁ ላኩን፤ የሌላ ሰው ልጅ ደግሞ ከደጃችሁ ቢመጣ እንደ ልጃችሁ ተቀበሉት። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነውና፥ እኛም በምንሄድበት ቦታ ሁሉ ለብቸኛው ቀድመን ሰላምታ ለመስጠት በፊታችሁ ቃል እንገባለን።